ከእናትህ ምላስ ሥር የወጣው ጠጠር

ጉለሌ፣ ቁስቋም ሠፈር
ግንቦት ፳፰ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ውድ ልጄ አድነው፤

እናትህ በሕይወት አለች። ይህን ከሰላምታ ያስቀደምሁት፣ የሚቀጥለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። እኔ ራሴን ግን ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም።

በዐቢይ ጦም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ስትውል ጤነኛ ነበረች። ማታ ማታ ብቻ ነጠላዋን እስከ አገጯ ትሸፋፈን ነበር፤ ብርድ መስሎኝ አልጠየቅኋትም። በፋሲካ ዕለት የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደ ጎረሰች፣ ዓይኔ እያየ፣ ከቀኝ መንጋጋዋ ሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት ብቅ አለ። ሳህኑን ገፋች።

እንኳን አደረሳችሁ ልትል የመጣችው ጎረቤታችን ዓሊማ፣ «ብርቄ፣ ምን ደበቅሽብን? ለእኛም አካፍይን እንጂ» ብላ ቀለደች። እናትህ አልሳቀችም።

«ጆሮ ደግፍ ይሆናል» አለች ዓሊማ፣ ቀልዱን ትታ። ጆሮ ደግፍ እንዳንለው ግን፣ እንግዶቻችን ሳይነሡ እብጠቱ ሟሸሸ።

ብቻችንን ስንቀር ጠየቅኋት።

«እህል በቀመስሁ ቁጥር መንጋጋዬን ይይዘኛል፤ ስተወው ይለቀኛል» አለች። «አልገባህም? ልጃችን ተርቧል። እርሱ ሳይበላ እኔ እንዳልበላ ነው።»

ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከዘመትህ ወዲህ የደረሰን ደብዳቤ የገናው ብቻ ነው። እናትህም ከመንጋጋዋ ወሬህን ስትጠይቅ ከርማለች።

«ይህ አጉል እምነት ነው» ብዬ ተቆጣሁ።

«ታዲያ ሳልበላ ስውል ለምን ደኅና እሆናለሁ?»

ዕድሜዬን በሙሉ የተማሪ ጥያቄ ስመልስ የኖርሁ ሰው፣ መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ከአጥሚት በቀር የምትቀምሰው አልነበረም፤ ቀሚሷ ሰፋት። በግንቦት አጋማሽ ትኩሳት ያዛት፤ እብጠቱም እንደ ወትሮው አልጎደለም። አፏ መግል መግል አላት።

«ጋሽ መሸሻ፣ ሴትዮዋ እኮ እያለቀች ነው» አለችኝ ዓሊማ። «ምን ተቀምጠው ያያሉ? ይነሡ!» ባሏ በታክሲው ሆስፒታል አደረሰን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። «እማማ፣ የሚያብጠው ሲበሉ ነው? ቆይቶ ይቀንሳል? በአንድ ወገን ብቻ?» እናትህ ለሁሉም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «ሎሚስ?» ስትላት ስሙን ብቻ ሰምታ ፊቷን ጨመደደች። ሐኪሟ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ ከእናትህ ምላስ ሥር ዳሰሰችና ቆም አለች።

«አባባ፣ መጥተው ይዩ።»

በቀዩ ሥጋ መካከል ቢጫ ነጥብ ይታያል። አደንዝዛ፣ ጥቂት ሰንጥቃ አወጣችው፤ ብረት ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ጮኸ። የምስር ፍሬ የሚያህል ጠጠር።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ኩላሊት ጠጠር እንደሚይዝ ሰምቻለሁ፤ የሰው አፍ ድንጋይ ያበቅላል ብሎ ግን ማን ነግሮኝ ያውቃል? ሐኪሟ አስረዳችን። ምራቅ የሚያመነጨው ዕጢ ቀጭን ቧንቧ አለው፤ ጠጠሩ ቧንቧውን ይዘጋል። ምግብ ሲቀርብ ምራቁ ይመጣል፤ መውጫ ሲያጣ ዕጢው ያብጣል፣ ያማል። ውኃ ሳይጠጡ መዋልም ያባብሰዋል። ነገሩ ይኸው ነበር፤ እናትህ በዚህ ምክንያት በፊቴ ልታልቅብኝ ነበር።

ትኩሳቱ በመድኃኒት ለቀቃት። ትናንት ሽሮ አቀረብሁላት። አንድ ጊዜ ጎረሰች፤ ሁለታችንም መንጋጋዋን ጠበቅን። አላበጠም። እርስዋ ግን እጇን ሰበሰበች።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። የፈራሁት አለማመሙን ነው» አለች። «ሲያመኝ ስለ ልጄ የሚነግረኝ ነበረ። አሁን ማን ይነግረኛል?»

ለዚህም መልስ የለኝም። አንተ ግን አለህ። የበላኸውን ጻፍላት፤ ደረቁ የወታደር ኮቾሮም ቢሆን «ኮቾሮ በላሁ» ብለህ ጻፍ። አንድ መስመር ይበቃል። ሰዋስውህ ቢፈርስም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ቀይ እስክሪፕቶ አላነሣም፤ እንደ መጣ አነብላታለሁ።

ሳህኗን ከድኜ አስቀምጫለሁ።

አባትህ፣
መሸሻ