የቀለም መጋዘኑ ሰልፍና የክሊፎርድ ሁለት እጆች

ለክቡር ሚስተር ሩፐርት አልድዊንክል
የቶርንሳንድስ የባሕር ዳር መዝናኛ ፓርክ የእንግዶች ተሞክሮ ዋና ኃላፊ
(አገር ምድሩ እንዲያነበው በጋዜጣ በኩል የተላከ)

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከሰው ሁሉ አስበልጠው የሚያምኑት ስልክዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ኤነድ ታተርሳል እባላለሁ። የሰባ አንድ ዓመት ሴት ስሆን በርንሊ ከተማ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰው ሲሳፈርም ሲወርድም፣ ሲሰክርም ሲሳደብም አይቻለሁና በትንሽ በትልቁ የምበሳጭ አይደለሁም። ዛሬ ግን፣ ከአክብሮት ጋር፣ ደሜ ፈልቷል።

በቅድሚያ በግል ለጻፍኩልዎ አቤቱታ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልስ ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ውድ ኤነድ፣ ጉብኝትዎ የማይረሳ ትዝታ ስለሆነልዎ ደስ ብሎናል» የሚለው መልስዎ እኔ የጻፍኩትን አንዲት ቃል እንኳ እንዳላነበቡ በግልጽ ስላስረዳኝ ጊዜዬን ቆጥቦልኛል። ከሥሩ አንዱን እንድመርጥ የላኩልኝን አምስት ትንንሽ የፊት ሥዕሎችም፣ ከሚያለቅሰው እስከሚስቀው፣ አንድ በአንድ አየኋቸው። የኔን ፊት የሚመስል ስላጣሁባቸው ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ጉዳዩ የታላቅ ወንድሜ የክሊፎርድ ነው። እናንተ «ኮሜት» የምትሏትን፣ እኛ ግን አሮጊቷ የምንላትን፣ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የምትበር የእንጨት ሮለር ኮስተር ሃያ ስድስት ዓመት ፍሬኗን የያዘው እሱ ነው። እርስዎ ወደ ፓርኩ ከመጡ ገና ሁለት ዓመትዎ ስለሆነ ምናልባት አልነገሩዎት ይሆናል እንጂ፣ አሮጊቷ በራሷ አትቆምም። ከሠረገላዎቹ መካከል አንድ ሰው ቆሞ፣ ቁልቁለቱና መታጠፊያው ላይ የብረቱን ዘንግ በሁለት እጁ እየሳበ ነው የሚያበርዳት። ተሳፋሪው ሁሉ እጁን ሰቅሎ ሲጮህ፣ የክሊፎርድ ሁለት እጆች ግን ዘንጉ ላይ ነበሩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አልሰቀለም። በዕረፍት ቀኑ ለምን አልተሳፈረም እንዳይሉኝ፣ በፍሬን ያዦች ዘንድ ነውር ነው። አንዱ በያዘው ባቡር ላይ ሌላው ተሳፋሪ ሆኖ ከተቀመጠ «አላመንኩህም፣ ልቆጣጠርህ መጣሁ» እንደማለት ይቆጠራል። ጡረታ ከወጣም በኋላ ይህንኑ ይዞ ኖረ። ግትር ነው፤ ቤተሰባችን ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ዘንድሮ ሐኪሙ የዓይኑ መሃል እየጠፋ መሆኑን ነገረው። ፊት ለፊቱ ያለውን አያይም፤ የሚያየው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። የገና በዓል ሳይደርስ ያም ሊጠፋ ይችላል ተባለ። በዚያው ሰሞን ደግሞ እርስዎ አሮጊቷን በኦክቶበር መጨረሻ እንደሚያፈርሷት በጋዜጣ አወጁ። ጋዜጣውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሰምቶ ሲጨርስ «ኤነድ፣ አንዴ እንኳ እጄን ሰቅዬ ልውረድባት። ባሕሩ በግራ በኩል ነው፣ በግራ ዓይኔ ዳር አየዋለሁ» አለኝ።

«ነውሩስ?» አልኩት።

«ጆይስ ናት እኮ የያዘችው። እኔ ያሠለጠንኳት ልጅ ናት፣ እሷን ካስፈቀድኩ ነውር የለውም።»

ጆይስ ዛሬ ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ለእሱ ግን አሁንም ልጅ ናት። ደወልንላት። «ክሊፍ፣ የፊተኛው ወንበር ያንተ ነው፣ ደግሞ እንዳትቆጣጠረኝ!» አለችው። ስቀን ዘጋን። እንግዲህ ክቡርነትዎ ያበላሹት ይህን ነው፤ እንዴት እንዳበላሹትም በተራ በተራ ላስረዳዎ።

አንደኛ። ሴፕቴምበር አሥራ አራት ቀን፣ ቅዳሜ፣ የእንቁላል ሳንድዊችና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ይዘን በባቡር መጣን። ክሊፎርድ እጄን ይዞ፣ ዓይኑ ሳይሆን እግሩ እየመራው፣ ቀጥ ብሎ ወደ አሮጊቷ በር ወሰደኝ። በሩ ተዘግቷል። «ገና አልከፈቱም፣ ወረፋ እንያዝ» አለኝ፤ ቆምን። ከኋላችን ባልና ሚስት ቆሙ። ከእነሱ ኋላ ታጣፊ ወንበር የያዘች ግሌኒስ የምትባል ሴትዮ መጣች፣ ከሷ ኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቡድን በሙሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰልፉ የአይስክሬሙን ሱቅ ዞሮ ባሕሩ ዳር ደረሰ። አንድም ሰው «ይህ የምን ሰልፍ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። የአገራችንን ሰው ያውቁታል፤ ሰልፍ ካየ ይቆማል፣ ፊት ያለው ሰው ያውቃል ብሎ ያምናል። ፊት የነበርነው ደግሞ እኛ ነበርን።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቀለም የነካው ቱታ የለበሰ ሰውዬ በሰልፉ ጎን እያፈረ መጣና «በጣም ይቅርታ፣ ወረፋ ልቀማችሁ አይደለም፣ ቀለሜን ላወጣ ነው» አለን። ቁልፍ አውጥቶ በሩን ከፈተው። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ የቀለም ቆርቆሮ ነው! የአሮጊቷን በር ዘግተው መግቢያውን በሌላ በኩል ካደረጉት ሦስተኛ ወሩ ኖሯል፤ እርስዎም አንዲት ወረቀት መለጠፍ አላስፈለገዎትም። ይባስ ብሎ ሰውዬው ራሱ ቁልፉን ይዞ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ ነበር። «እኔም ግራ ገባኝ፣ ግን ሰው ተሰልፏል» አለ። ሰማንያ ሦስት ሰው እርስ በርሱ ይቅርታ ተባባለ። ይቅርታ ያልጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ። አዲሱን በር ስናገኘው በሩ ላይ ሰልፍ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ወረፋ የሚያዘው በስልክ ብቻ እንደሆነ ናይጅል የሚባለው ተቆጣጣሪዎ በታላቅ ደስታ አበሠረን። «እዚህ ቆመን ብንጠብቅስ?» ብዬ ስጠይቀው «መቆም ይችላሉ የኔ እመቤት፣ ግን መቆምዎ የትም አያደርስዎትም» አለኝ። ስለ ቅንነቱ አመሰግነዋለሁ። ክሊፎርድ ያለው ስልክ ከግድግዳ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይዞት አልመጣም። የኔም ቢሆን ከመደወል ሌላ ሙያ የለውም። እዚያው ግራ ተጋብተን ቆመን ሳለ አሮጊቷ ከላያችን ስትንጓጓ አለፈች፤ ጆይስ ከሠረገላው መካከል ሆና «ክሊፍ! ምን ትጠብቃለህ? ውጣ እንጂ!» ብላ ጮኸች። ወንድሜ ድምፁን ተከትሎ ቀና አለ፣ ባርኔጣውንም አነሳላት። ኧረ ለመሆኑ፣ ክቡር ሆይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሰው ደጃፍ ላይ ሲለማመጥ ማየት ደስ ይላል?

የታጠፈ ወንበሯን በክንዷ ያንጠለጠለችው ግሌኒስ ደረሰችልንና በራሷ ስልክ ወረፋ ያዘችልን። የተሰጠን ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር፤ ያኔ ገና ስድስት ተኩል አልሞላም።

ሦስተኛ። በዚህ መካከል ስላሉት ወደ አራት የሚጠጉ ሰዓቶች ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በብረት በተሠሩት አዳዲስ ሮለር ኮስተሮችዎ ላይ በሙሉ ወጥተናልና። በአንደኛው ቁልቁል ተሰቅዬ መነጽሬን ልጥል ምንም አልቀረኝም፤ በሁለተኛው ሳንድዊቹ ተመልሶ ሊመጣ ነበር፤ በሦስተኛው እንደ ኮረዳ ጮህኩ፣ አልደብቅዎትም፣ ደስ አለኝ። አጠገቤ ያሉት ሁሉ እጃቸውን ሰቅለው ይጮሃሉ። ክሊፎርድ ግን በሦስቱም ላይ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ። «ምነው? አንሳቸው እንጂ!» ስለው «ለእሷ ነው ያስቀመጥኳቸው» አለኝ። እንግዲህ እዚህ ላይ ሲደርሱ ወንበርዎ ትንሽ ቢጎረብጥዎ አይደንቀኝም።

አራተኛ። አሥር ሰዓት ሆነ። ባቡሩ ቆሟል፣ ጆይስ ዘንጓን ይዛ ትጠብቃለች፣ የፊተኛው ወንበር ባዶ ነው። ናይጅል ከወንበሩ ስምንት እርምጃ ላይ አስቆመንና ሰሌዳ እያሳየ «ይህን ያንብቡልኝ» አለ። አዲስ ደንብ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ያላነበበ አይሳፈርም። ክሊፎርድ ፈገግ አለ። ያንን ማስጠንቀቂያ ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት በገዛ እጁ የጻፈው እሱ ነዋ! ቀጥ ብሎ ቆመና በቃሉ አነበነበው፦ «ባርኔጣችሁን አውልቁ። ከመቀመጫችሁ አትነሱ። ፍሬን ያዡን አታነጋግሩ። እጃችሁን እንዳሻችሁ አድርጉ።»

ናይጅል ሰሌዳውን አየ፣ ወንድሜን አየ። «እንዲህ አይልም» አለ። «ሁለት እጅ ምንጊዜም ከተሳፋሪው መያዣ ብረት ላይ እንዳይነሳ ነው የሚለው። እርስዎ አያዩም ማለት ነው።»

ጆይስ «ናይጅል፣ እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰው የተሳፈረበትን ባቡር ፍሬን ለቃ መውረድ አትችልም፤ ያን ያስተማራትም እሱ ነው። ናይጅል «ደንብ ደንብ ነው፣ ከላይ የመጣ ነው» አላት። ከላይ ማለት እርስዎ ነዎት። እኔ አፌን ከፍቼ ምን እንዳልኩ እዚህ አልደግመውም፤ ጋዜጣው አያትመውም። ክሊፎርድ ግን ክንዴን ያዘኝና «ተይው ኤነድ» አለ። ወደ ጆይስም ድምፅ ዞሮ «ሂጂ ልጄ፣ ተሳፋሪ አታስጠብቂ» አላት። ባቡሩ የፊተኛው ወንበሩ ባዶ እንደሆነ ሄደ። እኛን በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው በኩል አስወጡን። ከበሩ አጠገብ የአሮጊቷ ፎቶግራፍ የታተመበት ሲኒ ይሸጣል፤ ፎቶው ላይ ዘንጉን ይዞ የሚታየው ወንድሜ ነው። እሱ አላየውም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ወደ በርንሊ ስንመለስ ሁለት እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ። ሻይ ቀድቼ ብሰጠው እንኳ አላወጣቸውም። የደኅንነት ጥንቃቄ ነው የሚሉኝ ከሆነ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድም ተሳፋሪ ጣት ሳይላጥ ባቡሩን ያወረደውን ሰውዬ ስለ ደኅንነት ሊያስተምሩት ባይነሱ ይሻላል።

ይህን ሁሉ መስተንግዶ ያደረጉልን ክቡርነትዎን አመስግኜ አልጠግብም። በሩን ዘግተው ምልክት ስላላኖሩልን፣ ወንድሜን ራሱ የጻፈውን ማስጠንቀቂያ ለውጠው ስለፈተኑት፣ በገዛ ፎቶግራፉ ፊት ለፊት ስላስወጡትም ከልብ አመሰግናለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አሮጊቷ ከመፍረሷ በፊት ክሊፎርድ በፊተኛው ወንበር፣ ጆይስ ዘንጉን ይዛ፣ አንድ ዙር፣ እጁን ሰቅሎ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀኖቹ እያለቁ ነው፣ የዓይኑም ዳር እንዲሁ።

የስልክዎ ባትሪ አይለቅብዎ፣ ወንበርዎ አይጎርብጥዎ፣ የሚወዱት ሰውም ከማንም ደጃፍ አይመለስብዎ እያልኩ፣ የእንግድነቴን ተሞክሮ በሚገባ ያስታወስኩ፣ ከአምስቱ ፊቶችዎ አንዱንም መምረጥ ያቃተኝ አክባሪዎ፣

ኤነድ ታተርሳል
ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር፣ በርንሊ

ማስታወሻ፦ ግሌኒስ በዚያ ቀን የሰማንያ ሦስቱንም ሰው ስምና አድራሻ በሳንድዊች መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጽፋ ይዛለች፤ ቀለም ቀቢው ራሱ አለበት። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በዋናው በርዎ ፊት ሁላችንም እንሰለፋለን። አንጮህም፣ መፈክር አንይዝም፣ ሕግ አንጥስም፤ ሻያችንን ይዘን ወረፋችንን እንጠብቃለን። ከፊት የሚቆመው ክሊፎርድ ነው፤ የፊተኛው ወንበር እስኪሰጠው ድረስ ወዴትም አይንቀሳቀስም። ከኋላችን የሚመጣው ሰው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አሁን ያውቃሉ። በዚህ አገር ሰልፍ አልፎ የሚገባ የለም፤ ቁልፍ የያዘ እንኳ ሃያ ደቂቃ ቆሟል። ክሊፎርድ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሁለት እጁ ባቡር ሲያቆም የኖረ ሰው ነው፤ አንድ በር የሚያቅተው አይመስለኝም።