በፊርማ የዳነው ወንድሜ

ሐሙስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
የወንድሜ መድኃኒት አራት ፍሬ ቀርቷል።

ለተከበሩ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ማዘመኛ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እርስዎና መላው የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች፣ አዲሶቹ ሶፋዎች ጭምር፣ ደህና ትሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዳኛቸው እባላለሁ፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻና ውል ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ፍሬው ነው። ገበሬ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አእምሮውን ታሞ፣ በቀን አንድ ኪኒን እየዋጠ ደህና አድርጎ ያርሳል።

መንግሥት አገልግሎቱን ለማዘመን በጀት መድቦ በእርስዎ እጅ ስላደረሰልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥቃቅን ቅሬታዎቼን ድፍረት እንዳይሆኑብኝ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከጤና ጣቢያችን የመድኃኒት ቁምሳጥኑ ተነሥቶ በቦታው ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ «መድኃኒትዎን ፈጽሞ አያቋርጡ» እያለ ይመክራል። ምክሩን ሰምተን መድኃኒቱን ብንጠይቅ፣ በአዲሱ አሠራር በቅድሚያ ፎርም ይፈረማል ተባልን።

2ኛ. ፎርሙን ሳነብ የቆየ ወዳጄን መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው ታካሚ፣ በሙሉና ጤነኛ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ» ብሎ ይጀምራል። በሬ ሲሸጥ፣ ቤት ሲከራይ ስጽፈው የኖርኩት ቃል ነው። ከየትኛው ውል እንደተገለበጠም አልጠፋኝም፤ አራተኛው አንቀጽ «ቤቱን እንደተረከብኩት አጽድቼ አስረክባለሁ» ይላል። ወንድሜ ቤቱ መቼ እንደሚሰጠው ለመጠየቅ አፍሯል።

3ኛ. ፍሬው መጀመሪያ አልፈርምም አለ። ወጣቱ መዝጋቢ ቴዎድሮስ «ጋሼ፣ ፎርማሊቲ ነው፤ ዝም ብለው ይፈርሙ» ቢለው፣ «ልጄ፣ ጤነኛ ብሆን ሦስት ሰዓት በእግሬ የምመጣው አንተን ናፍቄ ነው?» አለው። ኮምፒውተሩ «ሕክምና እምቢ ያለ» ብሎ መዘገበው። የፍሬው ሚስት ወይዘሮ አሰለፈች በእሱ ፈንታ ብትፈርም፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረመውን ነውና፣ እሷን ታካሚ አድርጎ ለሐምሌ ቀጠራት። «ይኸው! ስድስት ዓመት ሙሉ አሳበድከኝ ስልህ አላመንከኝም፤ አሁን መንግሥት መሰከረልኝ» አለችው ለባሏ።

4ኛ. በመጨረሻ አሰለፈች ለምናው ፍሬው ፈረመ። ቴዎድሮስ ፎርሙን አነበበ። ጤነኛ መሆኑን በፊርማው ላረጋገጠ ሰው የአእምሮ መድኃኒት ስለማይሰጥ፣ ስሙ ከታካሚዎች ወጥቶ «የዳኑ» ከሚለው ዝርዝር ገባ። ዓመታት በደብተር ብቻ እየመዘገበች ኪኒኑን ስትሰጠው የኖረችው ሲስተር አማረች «ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ በሽተኛ ነው» ብትል፣ ማወቅ በአዲሱ አሠራር ማስረጃ አይደለም ተባለች። ዐሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ፣ ያለ አንዲት ኪኒን፣ ሰው ማዳን መቻልዎን ሳስብ ማመስገኛ ቃል አጣለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ፍሬው ኪኒኑ ለሁለት ሳምንት ተቋርጦበት ነበር። በሬዎቹን ጠምዶ የራሱን ማሳ አርሶ ጨረሰ፤ የጎረቤቱን የበቀለ ገብስ ገለበጠ፤ ከዚያ ወደ ገደሉ ነዳ። አፋፉ ላይ የደረስንበት በሬዎቹ አንሄድም ብለው ስለቆሙ ነው። ዘንድሮም የእርሻ ወቅት ነው። ስለዚህ ወንድሜ ከዳኑት ተሰርዞ ወደ በሽተኞቹ እንዲመለስና ኪኒኑ እንዲሰጠው በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

የበጀት ዓመት መዝጊያ ሪፖርትዎ የሰመረ፣ የቴሌቪዥንዎም መብራት የማይቋረጥ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በሕክምናዎ ፍጥነት የተደነቅሁ ታዛዥዎ፣

ዳኛቸው
የዳነው ሰው ወንድም

ግልባጭ፦
– ፊደል ለቆጠረ ሁሉ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን የምጽፈው ደብዳቤውን ገቢ ላስደርግ ከቢሮዎ በር ተቀምጬ ነው። ጸሐፊዎ እሌኒ «ጋሽ ዳኛቸው፣ ኃላፊው ስለ አገልግሎቱ መዘመን ልምድ ሊያካፍሉ ባሕር ዳር ሄደዋል፤ ማኅተሙንም ይዘውታል፤ ሰኞ ይመለሱ» ብላኛለች። የወንድሜ ኪኒን እሑድ ያልቃል። ሲስተር አማረች ኪኒኑን ከደብረ ታቦር መድኃኒት ቤት የምገዛበትን ማዘዣ በወረቀት ጽፋልኛለች፤ ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስም ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ደብዳቤውን ያለ ማኅተም የእሌኒ ጠረጴዛ ላይ ትቼ መሄዴ ነው።