በለቅሶው ሰዓት የተጻፈው ሦስት ገጽ

ልጄ ዐወድ፣ አላህ በሰው አገር ይጠብቅህ፤ ሰላምታዬ ከአሶሳ አንካራ ድረስ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል፤ ማንጎው ግን ዘንድሮ ብዙም አልያዘም።

ጎረቤታችን ሐጂ አብዱልሐሚድ ሞተው ማክሰኞ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። እህትህ ብኸይታ ስልኳን ቤት ትታ፣ ቀኑን ሙሉ ለለቀስተኛው ውሃ ስታቀርብ ዋለች። የዩኒቨርሲቲ መምህሯ አቶ ዳምጠውም መጥተው ከእጇ ተቀብለው ጠጡ። ለካስ በዚያው ሰዓት፣ ከአራት ጓደኞቿ ጋር በኢንተርኔት በሚሠሩት የቡድን ሥራ ላይ በእሷ ስም ሦስት ገጽ እየተጻፈ ነበር! ማን በስንት ሰዓት እንደጻፈ ኮምፒውተሩ ያሳያል አሉ። የይለፍ ቃሏን ለአንተ መስጠቷን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አሁን የአምስቱም ውጤት ታግዷል። ለሰኞ እኔም ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ለምስክርነት ተጠርቻለሁ። «መሐል ላይ ቤት ሄዳ ጽፋ ተመልሳለች በይልኝ» ብላ እህትህ እግሬ ላይ ወደቀች። ከለቅሶው ቤት ፈቀቅ አላለችም እኮ! እኔ በሰው ሞት ላይ አልዋሽም።

ለእህትህ አዝነህ እንዳደረግኸው አውቃለሁ። አላህ እጅህን ይባርክልህ፣ ልጄ። እባክህ፣ ከሰኞ በፊት በዚያው እጅህ ለመምህሯ ጻፍላቸው፤ ይህን እንኳ በራስህ ስም።

እናትህ