ወደ ምሥራቅ የዞረው አግዳሚ ወንበር

የአቶ ጀይሉ ዑመር የሕይወት ታሪክ (1942–2009 ዓ.ም.)

አባታችን አቶ ጀይሉ ዑመር ከአባታቸው ከአቶ ዑመር ዩሱፍና ከእናታቸው ከወይዘሮ ረቢአ አሊ በ1942 ዓ.ም. በጨፋ ሸለቆ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ተወለዱ። ቁርኣን በመንደራቸው ቀርተው አኽትመው የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከሚሴ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደሴ ተምረዋል። በ1963 ዓ.ም. የንድፍ ሥራ ሠልጥነው በመንገድ ሥራ ተቀጠሩ። በ1966 ዓ.ም. ከእናታችን ከወይዘሮ ዘይና ሙሀመድኑር ጋር ኒካሕ አስረው ሙጂብን፣ ኢልሃምንና ይህን የምጽፈውን እኔን ኢክላስን ወለዱ። በ1987 ዓ.ም. ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰው በከተማችን በከሚሴ ማዘጋጃ ቤት በፕላን ሠራተኛነት እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል።

አባታችን ቁጡ ነበሩ፤ ሞተዋል ብዬ አልዋሽም። የተጣመመ መስመር ካዩ ምሳ አይበሉም። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ረስተው ሊሰግዱ ሲቆሙ ቀድመው የሚያነሱላቸው እናታችን ነበሩ።

እናታችን ገበያ ቅመም ይሸጡ ነበር፤ ጉልበታቸውንም ያማቸው ነበር። ከገበያ እስከ ቤታችን አንድ ጥላ አልነበረም። የግንቦትን ፀሐይ ለከሚሴ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንድ ቀን ገብተው፣ መንገድ ላይ እግሬን የምዘረጋበት ቦታ ባገኝ ምን ነበረበት አሉ። አባታችን በ1993 ዓ.ም. ከገበያው ጀርባ ቆሻሻ በሚጣልበት ክፍት ቦታ ላይ ትንሽ መናፈሻ እንዲሠራ ንድፍ አቀረቡ። ማመልከቻው ላይ ለሕዝብ ማረፊያ ብለው ጻፉ፤ እኛ ግን ስለ ማን ጉልበት እንደሆነ እናውቅ ነበር።

መሬቱ ላይ ዘንግ ተክለው ጥላው የደረሰበትን በጠጠር ምልክት ሲያደርጉ፣ ከሰንበቴ የሚመጡ የፍየል ነጋዴዎች ሰውየው ምን ጠፋበት እያሉ ይስቁ ነበር። እሳቸው ደግሞ ፍየሎቹ ቀትር ላይ የሚተኙበትን ያዩ ነበር። ከፍየል የበለጠ ጥላ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም ይሉ ነበር።

መናፈሻው በ1995 ዓ.ም. ተከፈተ። የተተከሉት የኒም ዛፎች ገና ልጆች ስለነበሩ ከስድስቱ የሲሚንቶ ወንበሮች ደህና ጥላ የነበረው አንዱ ብቻ ነው። የቀትር ፀሐይ ዓይን እንዳይወጋ ተብሎ ሁሉም ፊታቸው ወደ ሰሜን ነበር። እናታችን መጡ፤ ጥላውን አዩና ማሻ አላህ አሉ። ግን አልተቀመጡም። «አንቱ አባ ሙጂብ፣ እግሬን ወደ ቂብላ ልዘርጋ እንዴ? አስተግፊሩላህ!» ብለው ሳቁ። በቀን አምስት ጊዜ ወደ ሰሜን የሚሰግዱት አባታችን ወረቀቱ ላይ ሰሜንን ከላይ ጽፈው ቂብላ፣ እግር የማይዘረጋበት የስግደት አቅጣጫ፣ መሆኑን ረስተውት ኖሯል። ቀድመው የመጡ ሽማግሌዎችም እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠው፣ አፍረው ሳይነግሯቸው ቀርተዋል።

አባታችን ወንበሮቹ እንዲዞሩ በማግስቱ አመለከቱ። አዲስ ነገር አይፈርስም ተባሉ፤ ደግመው አመለከቱ። ጉዳዩ አሥር ወር ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እናታችን ከገበያ ሲመለሱ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ለጥቂት ጊዜ ቆመው ያርፉና ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። እናታችን በ1996 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም ወደ አኼራ ሄዱ። ፈቃዱ የመጣው አርባቸው ሳይወጣ ነው።

አባታችን ከግንበኛው ከአቶ ከማል ጋር ሆነው ባለጥላውን ወንበር በገዛ እጃቸው አፍርሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞሩት። ከዚያ ወዲያ አሥራ ሦስት ዓመት፣ ከከሰዓቱ የዓስር ሶላት እስከ ፀሐይ መጥለቂያው መግሪብ፣ የወንበሩ ግራ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኙን ማንም አልተቀመጠበትም። ያለ ማንም ትእዛዝ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው። አንድ ቀን ከባቲ የመጣ እንግዳ ሳያውቅ ተቀመጠ። አባታችን ሰላምታ ሰጥተው ተነሡ፤ ማታ እራት አልበላም አሉ።

በስኳር ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 12 ቀን 2009 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ወደ አኼራ ተሻገሩ። እኛን ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ወይዘሮ አስያን ትተው ሄደዋል። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

በመጨረሻ ሳምንታቸው እኔን ጠርተው፣ ያ ቀኙ ቦታ ሰው ይቀመጥበት፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ እሷ ብትሆን ለደከመው ሁሉ ትለቅ ነበር አሉኝ። ስለዚህ እዚህ የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ ከዛሬ የዓስር ሶላት ጀምሮ ተቀመጡበት። ጉልበቱን የሚያመው ያለ ሐፍረት እግሩን ይዘርጋ።

ጥላ በማይኖርበት በዚያ የፍርድ ቀን አላህ አባታችንን በዙፋኑ፣ በዓርሹ ጥላ ሥር ያኑራቸው። እናታችንንም በቀኛቸው ያስቀምጥልን፤ እግራቸውን እንደ ልባቸው ዘርግተው። አሚን።