የስድስቱ ማሽኖች ዝምታ

ኅዳር 4
የአክስቴ ጫጩት መፈልፈያ ውስጥ የመጨረሻውን ሴንሰር ገጠምኩ። ስድስት ማሽን፣ ስድስት ሴንሰር። ሙቀቱ ካልተለወጠ ዝም ይላሉ። ከተለወጠ ወዲያው ለእኔም ለእሷም ስልክ መልእክት ይመጣል። ባትሪ እንዲቆጥቡ ብዬ ነው። አክስቴ ሳቀች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም በያ!» ከእንግዲህ ቴርሞሜትር ስታይ እንዳትውል አስማልኳት። ደክሟታል። ይህ ዙር ካልተሳካ እዘጋዋለሁ ትላለች።

ኅዳር 9
ዝም። ደስ ሲል...

ኅዳር 12
ምን ጉድ ነው? ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳ ሰው የለም፤ አክስቴ እኔን አምና ገበያ ወጥታለች። መልእክት ለእሷም አልደረሰ፣ ለእኔም አልደረሰ። ስትመለስ ማሽኖቹ በርደዋል።
«ሲበርዱ ይነግሩሻል አላልሽኝም?»
ብያታለሁ። ምን ልበላት? የሴንሰሮቹን መልእክት ተቀብሎ ወደ ስልካችን የሚልከው ሣጥን የራሱ ባትሪ አለው፣ አልጠፋም። ታዲያ?

ኅዳር 13
አንዱን ሴንሰር አውጥቼ በረዶ ላይ አስቀመጥኩት። መልእክት ከች አለ። ሁለተኛውም... ሦስተኛውም... ስድስቱም ደህና ናቸው። እና ትናንት ምን ነካቸው?

ኅዳር 15
መሥሪያ ቤት «ፕሮፌሰር» የምንለው ልጅ ጠየቀኝ።
«አንድ በአንድ ነው የሞከርሽው?»
«አዎ።»
«እስቲ አንድ ላይ አብርጃቸው።»
አበረድኳቸው። ጭጭ! ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዲለኩ አድርጌያቸዋለሁ፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይጮሃሉ፣ ድምፃቸው ይደባለቅና ሣጥኑ የማንንም አይሰማም። ያልተሰማውም አይደግምም... ባትሪ ለመቆጠብ። ያንንም ያደረግኩት እኔው። እንዴት አልታየኝም?

ኅዳር 18
አክስቴ እንቁላሎቹን በመብራት እያየች በሕይወት ያለውን ከሞተው ለየች። የተረፈው ሁለት ማሽን ሙሉ ብቻ ነው። «አንቺ ምን ታደርጊ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ትዘጋው ይሆን? መጠየቅ ፈራሁ።

ኅዳር 22
አክስቴ አልዘጋችውም፤ ባዶዎቹ ማሽኖች ውስጥ አዲስ እንቁላል አስገብታለች። ሴንሰሮቹ አሁን ተራ ጠብቀው ይናገራሉ። ሣጥኑ «ሰማሁ» እስኪላቸው ይደግማሉ። ደህና ሲሆኑም አልፎ አልፎ «አለሁ» ይላሉ። ባትሪው እንደፈለገ ይለቅ!

ኅዳር 30
ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ስድስቱም መልእክት ተራ በተራ ገባ፣ አንድም አልቀረ። ከወንበሬ ዘልዬ ለአክስቴ ደወልኩላት።
«እትዬ፣ ማሽኖቹ መብረድ ጀምረዋል! ጄኔሬተሩን...»
«አስነስቼዋለሁ የኔ ልጅ።»
«መልእክቱ ደረሰሽ ማለት ነው?»
«ስልኩንስ አላየሁትም። እዚሁ አጠገባቸው ነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ገበያ ወጥቼ አላውቅም።»