የእግሯ ልክ

ሐሙስ፣ ግንቦት 9
ከልብስ ንጽህና ቤቱ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ

ለተከበሩት ነጋዴ፣ ለልጄ አባት፤

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ስላልጠየቅከን ራሴው ልንገርህ ብዬ ነው።

ትናንት ዓይንህን በጨው አጥበህ ስትደውል እጄ ላይ የሰው ሸሚዝ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ አራተኛ ስልክህ መሆኑ ነው። "ተዘረፍኩ፤ ቦርሳዬ ከነፓስፖርቴ ሄደ፤ የማረፊያው ባለቤት እስከ ነገ ካልከፈልክ ሻንጣህን ትተህ ውጣ ብሎኛል" አልክ። ከዚያ ስለ ጥቁር መነጽርህ ታለቅስልኝ ጀመር። መነጽር! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። አንተ የብብትህን ከጣልክ ቆይተሃል፤ አሁን ቆጡ ራሱ ነው የወደቀብህ።

ያ "ከወንድም ይበልጥብኛል" ስትለው የነበረው ሸሪክህስ? ሸቀጡን ይዞ ጠፋ፣ ስልክም አያነሳም አልክ። ገና ፊቱን ሳየው የነገርኩህን "የሴት ወሬ" ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ይኸው ዛሬ ገንዘብ የምትልክልህ ያቺው ወሬኛ ናት።

እውነቱን ልንገርህ፣ አልልክም ብዬ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ግን ልጅህ አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። "አባዬ ውጭ ሊያድር ነው?" አለችኝ። ስለ እሷ ስል አለቃዬን ለምኜ ደሞዜን ቀድሜ ወሰድኩና ዛሬ ጠዋት አብረን ገንዘብ መላኪያው ቤት ሄድን።

መስኮቱ ላይ ያለችው ባለ መነጽር ጸሐፊ "መታወቂያ ከሌለው የሚወስደው በምስጢር ጥያቄ ነው። እሱ ብቻ የሚያውቀውን ጥያቄ ከነመልሱ ስጪኝ። መልሱን ከሳተ ገንዘቡ ወደ አንቺ ይመለሳል" አለችኝ። "ከሁላችን ሞኙ ማን ነው?" ልላት አፌን ስከፍት ልጅህ ቀደመችኝ።

"'የልጅህ ጫማ ቁጥር ስንት ነው?' በዪው፤ እሱን አባዬ ያውቀዋል።"

ትዝ ካለህ፣ የሄድክ ዕለት ጠዋት ወረቀት ላይ አቁመሃት የእግሯን ዙሪያ በእርሳስ አሰመርክ፤ ቁጥሩን ከሥሩ ጽፈህ ቦርሳህ ውስጥ ከተትከው። "በወሩ ጫማ ይዤልሽ እመጣለሁ" አልካት። ትናንት ስለዚያች ወረቀት አንድ ቃል ከአፍህ አልወጣም። እሷ ግን ስልኩ እንደተዘጋ "የእግሬ ወረቀት አብሮ ተሰረቀ?" ብላ ጠየቀችኝ። ቆይታ ደግሞ "ለካ ጫማውን ያላመጣልኝ ወረቀቱ ጠፍቶበት ነው" አለች። የተዘረፍከው በዚህ ሳምንት መሆኑን አልነገርኳትም። ሦስት ዓመት ያላገኘህለትን ሰበብ ስላገኘችልህ ሌባውን አመስግነው።

ጸሐፊዋ "መልሱስ?" አለች። አሁን ልጅህ የምታደርገው 32 ነው። እሱ ቢጻፍ ገንዘቤ ተመልሶ እንደሚመጣልኝ አውቄ መልሱን ለእሷ ተውኩላት። እሷ ግን ወደ ሴትዮዋ ጆሮ ተጠግታ የድሮውን ቁጥር ነገረቻት። "ማደጌን አባዬ አላየም፤ እንዳይሳሳት ብዬ ነው" አለችኝ። እዚያው መስኮቱ ሥር እንባዬ መጣ፤ ባንተ ተናድጄ።

አንተ የድሮውንም አታውቀውም። ሃያ ስምንት ነው። ሂድና ሃያ ስምንት በል፤ ገንዘቡን ተቀበል፣ ሻንጣህን አስለቅቅ። ከዚያ ለሌላ ለማንም ሳትደውል ለእሷ ደውልና ራስህ እንዳስታወስከው ንገራት። ከእኔ እንደሰማህ ካወቀች ግን በሰማይም አልምርህም።

ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ የምልከው ወደ ማረፊያህ ሪሴፕሽን ስልክ ነው። ቋንቋችንን ስለማያውቁ እድለኛ ነህ።

መንገድህ ይቅና። እግሩንስ ሰጥቶህ ነበር፤ አሁን ደግሞ ልብ ይስጥህ።

የልጅህ እናት

ልረሳው ነበር፤ ድንገት ጫማ ከገዛህ 33 ግዛ። እስክትመጣ ታድጋለች።