መረቡን የለቀቅኩበት ቀን

ውድ ባስልኤል፣

ቴክስት ሳደርግልህ አትመልስም፤ ኮል ሳደርግም አታነሳም። እሑድ ከቸርች በኋላ ሳን ሆዜ፣ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። እናትህ እትዬ ፋንታዬ በሩን ከፈቱልኝና፣ «ተኝቷል በያት ብሎኛል፤ እኔ ግን አልዋሽሽም ልጄ፣ ነቅቷል» አሉኝ። ስለዚህ እየጻፍኩልህ ነው።

የባሕር ጠረፍ ጠባቂዋ የኮስት ጋርድ መርከባችን ላይ አማርኛ የምናወራው እኔና አንተ ብቻ ነበርን። ኦፊሰሩን ማማት ሲያምረን በአማርኛ ነበር የምንንሾካሾከው። ያን ቀን የጮህክብኝም በአማርኛ ነው።

ያቺ ስሟን በቀለም የደፈነች የዓሣ መርከብ ከሩቅ ስታየን መረቧን ቆርጣ ጣለች። ዓሣ፣ ዶልፊን፣ ወፍ ሳይል ያገኘውን ሁሉ የሚያንቅ፣ ማይሎች የሚዘረጋ፣ በዓለም አቀፍ ውቅያኖስ ላይ የተከለከለ መረብ። ማስረጃው እንዲጠፋ ብረት አስረውበት ስለነበር መስመጥ ጀምሮ ነበር። እኛ በትንሿ ጀልባ ደርሰን ጫፉን በገመድ ከጀልባችን ጋር አሰርነው። ትልቋ መርከባችን እስክትደርስ ከያዝነው ተያዙ፤ ካመለጠን አመለጡ።

መረቡ እየከበደ ሄደ። የጀልባዋ ኋላ ዘቀጠ፤ ውሃ ገባብን። ገመዱን ልታላላ ስትታገል ክንድህ ላይ ተጠመጠመና ጎተተህ። ፊትህ ውሃውን ሲነካ ቢላዬን መዘዝኩ።

«ሐኒ፣ እንዳትቆርጪው! ያመልጡናል!»

«ያምልጡ!» ብዬ ቆረጥኩት።

መረቡ ሰመጠ። መርከባቸውን ስንፈትሽ የዓሣ ማከማቻው ታጥቦ ጠበቀን። ካፒቴኑ ትከሻውን ሰብቆ «የምን መረብ?» አለን። ለቀቅናቸው። አንተ እስክንመለስ ድረስ አላናገርከኝም፤ ክንድህ ሲድን ደግሞ ደህና ሁኚ እንኳ ሳትለኝ ሥራውን ተውክ።

ያቺ መርከብ ተያዘች ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ። አልተያዘችም። መረቡም እዚያ ባሕር ውስጥ ምናልባት ዛሬም ያንቃል። ይሄ ያንተ ብቻ እሳት አይደለም፤ እኔንም ይበላኛል። ግን ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የጻፍኩት። ያ ቀን ቢመለስ ያንኑ ገመድ እንደገና እቆርጠዋለሁ።

ሰኞ ከአላሜዳ ወደብ እንወጣለን። ባንተ ቦታ ሌላ ሰው መድበዋል፤ ጎበዝ ነው፣ ግን አንተ መስለኸኝ ቀና ብዬ ሳየው እደነግጣለሁ።

እሑድ ከእናትህ ተሰናብቼ መኪናዬ ጋ ስደርስ ዞር አልኩ። መስኮቱ ጋ ቆመህ ነበር። ስታየኝ መጋረጃውን ገመዱ በያዘው በዚያው ክንድህ ግጥም አድርገህ ዘጋኸው።

ተቀየመኝ፣ ባስልዬ። ዕድሜ ይስጥህና እስክታረጅ ተቀየመኝ።

ሐኒ
ኦክላንድ